የደራሲው ስም ከየት ይጀምራል? የካታሎግ ደንብና የኢትዮጵያውያን ስም



በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ «ዋና ምዝገባ» የሚባለው የአንድ ሥራ ሙሉ መረጃ የሚሰፍርበት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በደራሲው ስም ይከፈታል። የዛሬው ጥያቄዬ፣ ያ ስም ከየትኛው ቃል ይጀምራል? የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1841 ለብሪቲሽ ሙዚየም የታተሙት የአንቶኒዮ ፓኒዚ 91 ደንቦችም ሆኑ ቻርልስ ካተር በ1876 ያሳተሙት ደንብ፣ ደራሲን በአመዛኙ በቤተሰብ ስሙ ይመዘግባሉ። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ናቸው፤ ዓለማየሁ አባታቸው ናቸው። «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ የሚመዘግብ መጽሐፉን ለአባት ይሰጣል። በ1904 ዓ.ም. የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ካታሎግ ያሳተሙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ለድርብ ስሕተት የተጋለጡ ናቸው። «ወልደ ሥላሴ» በሁለት ቃል ቢጻፍም አንድ ስም ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ብቻ የሚወስድ ግን «ሥላሴ፣ ኅሩይ ወልደ» ይላል። በዚህም አባትም ልጅም ይጠፋሉ።

ደንቡ ይህን አላዘዘም። እ.ኤ.አ. በ1961 በፓሪስ የጸደቁት መርሖዎች የስሙ መነሻ ቃል በተቻለ መጠን ደራሲው ዜጋ በሆነበት አገር ልማድ እንዲወሰን ደነገጉ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ይመዘገባል። ፈተናው የሚመጣው ከስደት ጋር ነው፤ አሜሪካዊ ዜግነት የወሰደ ደራሲ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲይዝ፣ ያው መርሕ ወደ አባት ስም ይመራል። የቀድሞ ሥራዎቹ በአንድ ስም፣ የኋለኞቹ በሌላ ስም ሊቀመጡ ይችላሉ።

ኮምፒዩተር በየትኛውም ቃል ስለሚፈልግ ጉዳዩ ጊዜው ያለፈበት የሚመስላቸው አሉ። ፍለጋ ግን ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን በራሱ አያውቅም፤ ይህን የሚያስታውቀው ካታሎግ ሠሪው የሚያደራጀው የስም ማረጋገጫ መዝገብ ነው።

እኔ የምሟገተው እንዲህ ነው፦ ደራሲው ራሱ ሌላ ካልመረጠ በቀር፣ የተጠራበት ስም መነሻ ይሁን፤ ሌሎች አጻጻፎች ሁሉ በማመሳከሪያ ይያያዙ። እናንተም ዋቢ ስትጽፉ፣ ቅጹ የቤተሰብ ስም ስለጠየቃችሁ ብቻ አባትን ደራሲ አታድርጉ። መጽሐፉ የጻፈው ሰው ነው።