በእጅ የተሞላ ጥይትና የዒላማ ውድድር

ተኳሽ ዒላማውን በሳተ ጊዜ ነፋሱን፣ ጠመንጃውን ወይም ጥይቱን መክሰሱ የቆየ ልማድ ነው። ከሦስቱ ተከሳሾች መካከል ስለ ጥይቱ ጥቂት ለማውሳት አሰብን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 26 ቀን 1874 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አጠገብ ክሪድሙር በተባለው ሜዳ የአየርላንድና የአሜሪካ ተኳሾች ስድስት ስድስት ሆነው ተጋጠሙ። አየርላንዶቹ የያዙት የዳብሊኑ ሪግቢ የሠራውን፣ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዝ የሚገባበትን ጠመንጃ ነበር። አሜሪካኖቹ ግን ከኋላው የሚጎርሱትን ሬሚንግተንና ሻርፕስ ይዘው ቀረቡ። (ሬሚንግተን ለአገራችን ታሪክ እንግዳ ስም አይደለም፤ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፆች የማረከው ጠመንጃ በዚሁ ስልት የተሠራ ነበር።)

እያንዳንዱ ተኳሽ በ800፣ በ900 እና በ1000 ያርድ ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት ጊዜ ተኮሰ። በመጀመሪያው ርቀት አሜሪካ 326 ለ317 ቀደመች። በ900 ያርድ ግን አየርላንድ 312 ለ310፣ በ1000 ያርድም 302 ለ298 በለጠች። ድምሩ 934 ለ931 ሆነና ድሉ የአሜሪካ ሆነ። ስለዚህ ውድድር የሚያወሩ ሰዎች አዲሱ ጠመንጃ አሮጌውን ረታ ይላሉ፤ ርቀቱ ሲጨምር አሮጌው መብለጡን ግን ይዘነጉታል። ይልቁንም ሚልነር የተባለው አየርላንዳዊ በ900 ያርድ የሌላውን ዒላማ መካከል መትቶ፣ አራት ነጥብ የሚያሰጠው ጥይት ባዶ ሆኖ ተቆጠረበት። ኮሎኔል ቦዲንም እጁ በተሰበረ ጠርሙስ ተቆርጦ ሳለ የመጨረሻውን ጥይት መካከል ላይ አሳረፈ፤ ዒላማውን ፈጽሞ ቢስት ኖሮ አሜሪካ በአንድ ነጥብ በተሸነፈች ነበር።

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ምሥጢሩ ባለቤቱ እያንዳንዱን የባሩድ ድርሻ ራሱ መለካቱና አረሩን በራሱ እጅ በባሩዱ ላይ ማስቀመጡ ነው። ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዙትም የዚያ ዘመን ተኳሾች ይህን ትጋት አልተዉትም፤ የተተኮሰውን ቀለህ አጽድተው፣ ባሩዱን መዝነው፣ አረሩን በወረቀት ጠቅልለው እንደገና ይሞሉት ነበር። ይህም ከንቱ ድካም አይደለም። በዛሬው ባለ 7.62 ሚሊሜትር ጠመንጃ እንኳ የሁለት ጥይቶች ፍጥነት በሰከንድ በ10 ሜትር ቢለያይ፣ በ1000 ያርድ ላይ አንደኛው ከሌላው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያርፋል። ሰውየው አሳምሮ ቢያነጣጥርም ያቺን ስንዝር በዓይኑ ሊያርማት አይችልም።

እዚህ ላይ የፍርድ ነገር ይመጣል። ጥሩ ሚዛንና ሰፊ ጊዜ ያለው ሰው ከጓደኛው የተሻለ ጥይት ይዞ ቢቀርብ፣ የተሸለመው ተኳሹ ነው ወይስ ሚዛኑ? እንግሊዞች ውድድራቸውን በ1890 ከዊምብልደን ወደ ቢዝሊ ካዛወሩ ወዲህ፣ ለንጉሡ ሽልማት በሚደረገው ግጥሚያ ከአዘጋጁ የታደለውን ጥይት መተኮስ የቆየ ደንብ ሆኗል። እኛም ለተራው ተኳሽ ይህ ይሻላል እንላለን፤ ምንም እንኳ የታደለው ጥይት ደካማ በሆነ ቀን ጎበዙም ሰነፉም እኩል ቢጎዱ። የኤልቾ ጋሻ ውድድር ግን ለሌላው ወገን ተትቷል፤ በዚያ በ1000፣ በ1100 እና በ1200 ያርድ ሲተኮስ፣ የገዛ እጅን ሥራ ይዞ መቅረብ የተፈቀደ ነው።