ማነቂያ፣ መቆለፊያ፣ ተቆላፊ

የአማርኛን ቃል አመሠራረት ለማስረዳት እንደ አዲስ አበባው ዶሮ ማነቂያ የሚመች ሰፈር አላውቅም። «አነቀ» ከሚለው ግስ የወጣው «ማነቂያ» ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ቦታ ይጠራል፤ ይኸው ቅርጽ የሚሠሩበትንም ዕቃ ይጠራል። «መቆለፊያ» ሲባል ቦታ የሚያስብ የለም። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል፤ የስሙ ቅርጽ ግን ዛሬ ለመኪና ዕቃ ይጠቅመናል።

ከመፍረሱ በፊት አንድ ክረምት፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ አንድ ፒክአፕ የኋላ ግራ ጎማው ቦይ ገብቶ ተንጠልጥሎ አየሁ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ የተንጠለጠለው ጎማ እያፏጨ ይሽከረከራል፤ ኮብልስቶኑን የረገጠው ቀኙ ንቅንቅ አይልም። የሰፈሩ ልጆች ገፉ፣ ድንጋይ ጠቀጠቁ፤ በመጨረሻ ሦስቱ ከኋላ በግራ በኩል ወጥተው ሲጫኑት ጎማው መሬት ነክቶ ወጣ። «ደህናውን ጎማ ለምን አያዞረውም?» አለ አንዱ። ጥሩ ጥያቄ ነበር።

መልሱ ዲፈረንሻል ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ይጓዛል። በጎማዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ካለ፣ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ልዩነቱ 9.4 ሜትር ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ብረት ቢታሰሩ አንዱ እየተጎተተ ይላጥ ነበር። ዲፈረንሻሉ ፍጥነታቸው እንዲለያይ ይፈቅዳል፤ ጉልበቱን ግን እኩል ያካፍላል። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

የጥማድ በሬ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቀንበሩ መሃሉ ላይ በምራን ከሞፈሩ ጋር ስለታሰረ፣ አንዱ በሬ ትንሽ ቢቀድም ዘወር ይልለታል። አንዱ ጨርሶ ካልሳበ ግን ሌላው ቢታገል ቀንበሩን ያጣምማል እንጂ ሞፈሩን አይጎትትም። አየር ላይ የቀረው ጎማ የማይስበው በሬ ነው፤ ደህናው ጎማ የሚደርሰው እሱ የሚያገኘውን ያህል ብቻ፣ ማለትም ከምንም የማይቆጠር ነው። ዲፈረንሻሉ ላይ የሚገጠም መቆለፊያ ግን ቀንበሩን እንዳይዞር አጥብቆ ያስራል፤ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ፣ መሬት የያዘው መኪናውን ያወጣል። «ፎር ዊል አለኝ» የሚል ሹፌርም ይህን ቢያስብ ይሻለዋል፤ መቆለፊያ ከሌለው ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ በባዶ ዞረው ሊያስቀሩት ይችላሉ።

እንግዲህ ምን እንበለው? ጋራዥ ውስጥ «ዲፍሎክ» ይባላል፤ ለአፍ ይቀላል፣ ይኑር። ለጽሑፍ ግን «ቆላፊ ዲፈረንሻል» ማለት ያሳስታል፤ ቆላፊ ሌላ ነገር የሚቆልፍ ነው፣ በር ቆላፊ እንደሚባለው። እዚህ የሚቆለፈው ራሱ ዲፈረንሻሉ ስለሆነ ክፍሉን በሙሉ «ተቆላፊ ዲፈረንሻል»፣ የሚቆልፈውን ዕቃ «የዲፈረንሻል መቆለፊያ» እላለሁ። ዲፈረንሻልን ራሱን «ማለያያ» ለማለት ሞክሬ ነበር፤ የተጣሉ ሰዎችን የሚገላግል መሰለኝና ተውኩት። ጎማን፣ ፍሬንን፣ ካምቢዮን ከጣሊያን ተቀብሎ፣ አንዱን ሰፈሩንም ፒያሳ ብሎ የኖረ ከተማ አንድ ዲፈረንሻል አይከብደውም።

እንደ ላንድክሩዘር 70 ባሉት ላይ መቆለፊያው ከፋብሪካ ተገጥሞ ሊመጣ ይችላል። በኋላ የሚገጠመው በኤሌክትሪክ ወይም፣ እንደ አውስትራሊያው ኤአርቢ፣ በአየር ይሠራል፤ የአየሩ ኮምፕረሰርና ቱቦ ይፈልጋል። ከባዱ ሥራ ማብሪያ ማጥፊያውን መግጠም አይደለም። ዲፈረንሻሉ ይወርዳል፣ ትልቁ ጥርስ ከአሮጌው ቤት ተፈትቶ በአዲሱ ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ ስስ ቀለበቶችን እየጨመሩና እየቀነሱ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ማስተካከል ነው። በሂሉክስ ላይ ይህ ክፍተት ከ0.2 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ጎበዝ መካኒክ ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ ያዞርና ቀለሙ የት ላይ እንደተላጠ ያያል። «ገባ፣ ዘጋሁት» የሚል ከሆነ፣ ጩኸቱን ከከተማ ሳትወጡ ትሰሙታላችሁ።

መቆለፍ ጭቃው ሳይውጥ፣ ቆሞ ወይም እጅግ በዝግታ ነው፤ ጎማው እየተሽከረከረ አይደለም። አስፋልት ላይ ሳይከፍት የታጠፈ ሹፌር መሪው ይከብደዋል፣ ጎማው ይጮኻል፣ ብረቱም ይጎዳል። ለዚያ የዶሮ ማነቂያ ፒክአፕ መቆለፊያው ያስፈልገው የነበረው ለአንድ ሜትር ያህል ብቻ ነበር።