«ሰፈር ደርሰህ ጠይቅ»

«ዲያስፖራ» የሚለው ቃል አፋችን ላይ ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት አዲስ አበባ አንድ እንግዳ መጣባት። ስሙ ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ነው። በሕንድ ተምሮ ሐኪም የሆነ፣ በበርማ የሠራ፣ አማርኛ የማይችል ሰው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ እንግሊዞች ይዘውት የሄዱት ሕፃን ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1892 ዓ.ም. አካባቢ፣ የተወለደበትን አገር ሊያይ መጣ። የሚያንኳኳው በር አልነበረውም። የአባቱን ቤት የሚያሳይ ወረቀትም ኪሱ ውስጥ የለም። እሱ ቤተሰቡን ባያገኝም ቤተሰቡ ግን ወሬውን ሰምቶ እሱን አገኘው። አያቱ ሰውነቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተው «ልጃችን ነው» አሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቻርልስ ማርቲን ሲባል የኖረው ሰው ወርቅነህ እሸቴ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ኋላ አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ ተብሎ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ እስከመሆን ደርሷል፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

እኛን የሚስበን ጠባሳው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሚገኘው በቁጥር ሳይሆን በሚያውቅህ ሰው ነው። ይሄ ነገር ከከተማዋ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለናል። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ተመራላቸው፤ ጭፍራውና ሎሌው በየጌታው ዙሪያ ሰፈረ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ የጦር አሰፋፈር የመጣ ነው። «የት ነው ቤትህ?» ሲባል መልሱ «የማን ሰው ነህ?» ለሚለውም መልስ ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን የምንጠራው ይህንኑ ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ሲገባ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ለገሃር ሆነ። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራቸው ቤቶች ስም ተጣሞ ካዛንቺስ ተባለ። ፒያሳና መርካቶም ያው ናቸው። ወራሪው ሄደ፣ ስሙ ሰፈር ሆኖ ቀረ።

ደብዳቤን ተመልከቱ። ፖስተኛ በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም፤ ፖስታ የሚመጣው ወደ ሳጥን ቁጥር ነው። ሳጥን የሌለው ቤተሰብ (አብዛኛው ማለት ነው) የአጎት መሥሪያ ቤት ሳጥን ይጠቀማል። አጎት ቅዳሜ ይዞት ይመጣል፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ተጠርቶ ያነባል፤ ጎረቤት ቡና ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ስልክም እንዲሁ ነበር። ስልክ ያለው ቤት በሰፈሩ አንድ ወይም ሁለት ነው። ከአሜሪካ ሲደወል የባለስልኩ ቤት ልጅ እየሮጠ ይመጣና «እትዬ፣ ተደውሎልዎታል!» ይላል። እትዬ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሲሮጡ ሰፈሩ በሙሉ ልጃቸው እንደደወለ ያውቃል። የእናትና የልጅ ወሬ የግል ጉዳይ አልነበረም።

እንግዲህ ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47ን አወጀ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ቀበሌ መጣ፤ በየቆርቆሮው በር ላይ የቤት ቁጥር ተጻፈ። በዚያው ዘመን ደግሞ ወጣቱ መሸሽ ጀመረ። ገሚሱ በእግሩ ሱዳን ገባ፤ ከካርቱም ወደ አሜሪካና አውሮፓ ተበተነ። ልጠይቅ ብሎ መምጣት የማይታሰብ ነገር ነበር። ቤተሰብ የሚያውቀው ድምፁን ነው፤ በሰው እጅ የሚላክ ካሴት። እናት ቴፑን ከፍተው «አለሁ» ይላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ካሴቱ እስኪያልቅ የጎረቤቱን ስም እየጠሩ ሰላምታ ያቀርባሉ።

አሁን የምንለው ነገር ደርግን ማመስገን እንዳይመስልብን እንፈራለን፤ ግን እውነት ነው። ቤቱን የወረሰው አዋጅ ሰፈሩን አስቀመጠው። የቀበሌ ቤት ኪራይ በወር ጥቂት ብር ስለሆነ ለቆ የሚሄድ የለም። ማፍረስና ማደስም እንደልብ አይቻልም። ጣሪያው ዝጎ፣ ጭቃው ተቦርቡሮ፣ ሰዎቹ ግን እዚያው ናቸው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ ስደተኛው መመለስ ሲጀምር፣ ታክሲ ነጂውን «ዝም ብለህ ንዳ፣ ስደርስ አውቀዋለሁ» ብሎ አሥራ አምስት ዓመት ያላያትን ቅያስ ያገኛት ነበር። ባይገኝ እንኳ የሱቁ ሰውዬ አለ። «የእትዬን ቤት ነው? አንተ ትልቁ ነህ ትንሹ?»

ከዚያማ በር ተከፈተ። በ1994 ዓ.ም. የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ በአዋጅ መጣ። በ1995 አዲሱ የቦሌ ተርሚናል ሥራ ጀመረ። በ2000 ሚሊኒየም ተባለና ከተማዋ በሃይላንድ ውኃ ይዘው በሚዞሩ እንግዶች ተሞላች። በ2014 ለገና አንድ ሚሊዮን ሰው ይግባ የሚል ጥሪ ተላለፈ። ጥሪ በማድረግ መንግሥቶቻችን አይታሙም። ከዓረብ አገር የሚመጡት እህቶቻችን ግን ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ጥሪ ውስጥ አይታሰቡም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ተባርሮ ሲመለስ፣ ብዙዎቹ ልከው ያሠሩት ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ነው የገቡት።

ታዲያ ጥሪው እየበዛ ሲሄድ መዳረሻው መጥፋት ጀመረ። ኮንዶሚኒየሙ መጣ፤ እነ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የእናቶቻችን አዲስ አድራሻ ሆኑ። ልደታ ፈረሰ። በ2016 ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ተነሡ። ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን ካልን፣ ለሃያ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት የሚናፍቀው ፎቶ አንሺ ብቻ ነው። ሌሊት በዝናብ ጃንጥላ ይዛ ለወጣች እናት በቤቷ ውስጥ ያለ ቧንቧ ትልቅ ነገር ነው፤ ውኃው በመጣ ቀን።

ግን ለቅሶን አስቡ። ለዓመታት ውጭ ኖሮ የሚመጣ ሰው ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ነገር ደስታ ብቻ አይደለም። እሱ ሳይኖር የሞቱት አሉ። መርዶውን እዚያው ባለበት አገር ወዳጆቹ በማለዳ በር አንኳኩተው ነግረውት ይሆናል፤ አልቅሶ ግን አልጨረሰም፤ የአባቱን ወንበር ባዶውን አላየም። በድሮው ሰፈር ሻንጣው ከታክሲ ሳይወርድ ዋይታው ይሰማል፤ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል፤ ማንም አልተጠራም፣ ማንም አልቀረም። የእድሩ ሰዎች ቀብሩ እንዴት እንደነበር፣ ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰ ይነግሩታል። ያልነበረበትን ቀን ይሰጡታል ማለት ነው። ካለቀሱ በኋላ ነው ቡናው፣ ሳቁ፣ «ወፈርክ፣ ከሳህ» የሚመጣው።

አሁን ይህ የሚሆነው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የታችኛው ቤት ሰው ድምፁን ይሰማል፤ ጥል ይሁን ሞት አያውቅም፤ ብወጣ ያስቀይም ይሆን ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ይቆማል። ሦስት ወር ነው ከገባ። ስሙን የሚያውቅለት ሰው በብሎኩ የለም፤ ቤቱ የሚታወቀው በብሎክ ቁጥር ነው። የሟቹን አባት አንድ ቀን ያየ እዚያ ሕንፃ ላይ የለም። አብረዋቸው የኖሩት አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ገርጂ፣ አንዷ ልጇ ጋ ሐዋሳ ናቸው።

እንግዳው ቢበዛ ሦስት ሳምንት ነው ያለው። ስለዚህ የኛ ሥራ፣ እዚህ የቀረነው ሥራ፣ መኪና ለምኖ እሱን ማዞር ሆኗል። በቴሌግራም የተላከ ቦታ እየተከተልን፣ የግቢ ጥበቃን «የድሮ ጎረቤታችን ናቸው» እያልን እያስረዳን፣ በአንድ ቀን ከከተማዋ ጫፍ ሌላው ጫፍ እንደርሳለን። ሁለት ቤት ከገባን ጎበዝ ተብለናል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ግን ከመጣ ዕድለኛ ነው፤ የድሮው እድር አልፈረሰም፤ ከየዳርቻው በሁለት ታክሲ የሚመጡ እናቶች በፈረሰው ሰፈር አጠገብ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይሰበሰባሉ። ጸሐፊው ስም ይጠራሉ፣ መዋጮ ይቀበላሉ። እንግዳው መንገድ ዳር ቆሞ ሲያያቸው አንዷ ቀና ብለው ያዩትና የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቁታል።