ከተረተሩ ሥር የነበሩ ከተሞች፦ የይፋት ንግድና ትምህርት



በማኅበራችን እስላምም ክርስቲያንም አለን። አብረን እንቆጥባለን፣ አብረን እንበደራለን፣ ለቅሶውንም ሠርጉንም አብረን እንውላለን። ስለ ድሮ ዘመን ሲወራ ግን ጎልቶ የሚነሳው ጦርነቱ ነው፤ ማን ማንን ወረረ፣ ማን የማንን አቃጠለ። ጦርነቱ እውነት ነው፤ ሰው ግን በጦርነት ብቻ አይኖርም። ጨው ይፈልጋል፣ ልብስ ይፈልጋል፣ ልጁን ያስተምራል። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ገበያውና ስለ ትምህርቱ እንጽፋለን።

እኛ ያለንበት የመካነ ሰላምና የቦረና ደጋ ወደ ዓባይ ያያል። ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን ደጋውን ከአፋር ቆላ ወደሚለየው ተረተር ብንሄድ ግን ሌላ አገር አለ፤ ይፋት። በ1285 እ.ኤ.አ. ግድም ዑመር ወላስማ ቀድሞ በሸዋ የነበረውን የእስላም ሱልጣኔት ድል አድርጎ ይፋትን የአካባቢው ዋና ኃይል አደረገ። ዘሮቹም ከመቶ ዓመት በላይ ገዙት። ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በዚያ ተረተር የነበሩትን የኖራንና የአስባሪን የመሰሉ ከተሞች ፍርስራሽ አጥንተዋል። ከድንጋይ የተሠሩ መስጊዶች፣ ቤቶችና መቃብሮች ተገኝተዋል። ከመቃብር ድንጋዮቹም መካከል በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያረፉ የወላስማ ሱልጣኖች ስም በዓረብኛ የተቀረጸባቸው አሉ።

ከተማ እዚያ ለምን በቀለ? ሒሳብ ለምንሠራ ሰዎች መልሱ ከባድ አይደለም። ግመል ደጋ አይወጣም፤ በቅሎና አህያ ደግሞ በበረሃው መንገድ ይቸገራሉ። ከዘይላ ወደብ የመጣው ጭነት ተረተሩ ሥር ሲደርስ ከግመል ወርዶ ወደ በቅሎ መዛወር አለበት። ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ደግሞ መጋዘን፣ ሚዛን፣ ደላላና ቀራጭ ይፈልጋል። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመንገደኞች አፍ የሰበሰበው ዜና ስለ ገንደበሎ የሚነግረን ይህንኑ ነው። ገንደበሎ ግመሎች የሚራገፉባት ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች፤ የቬኒስና የሀንጋሪ የወርቅ ገንዘብም ይመነዘርባት ነበር። ከደጋው ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፣ ከባሕር ማዶ ጨርቅ ይመጣል። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ይህን ሳይጽፉ ማለፍ ሒሳቡን ማጉደል ነው።

ንግዱ በሃይማኖት አልተከፈለም። የክርስቲያኑ ንጉሥ ከእስላም ነጋዴ ቀረጥ ይቀበላል፤ ነጋዴውም በንጉሡ አገር መንገድ ይፈልጋል። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. ማናደሌይ በምትባል የእስላም ከተማ ሲያልፍ ገበያዋን ከወደብ ከተማ ጋር አመሳስሏታል። ከተማዋ ለንጉሡ ትገብር ነበር፤ ነጋዴዎቿም ከካይሮና ከሕንድ ሳይቀር የመጡ ነበሩ።

ትምህርቱም በዚሁ መንገድ ተጓዘ። በ1305 እ.ኤ.አ. ካይሮ የገባው ዑስማን አል-ዘይለዒ በ1340ዎቹ መጀመሪያ እስኪያርፍ ድረስ ሕግ አስተማረ፤ በሐነፊ መዝሀብ ሕግ ላይ የጻፈው ማብራሪያ ዛሬም ይጠናል። በአል-አዝሀር የኛ አገር ተማሪዎች የሚያድሩበት «የጀበርቲ» ማደሪያ ነበረ። የግብፁ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ አብዱረሕማን አል-ጀበርቲም ከዚያው ከጀበርቲዎች ዘር ነው። ኋላ ይህ ትምህርት በወሎ በጀማ ንጉሥ፣ በገታና በዳና ደረሶችን ሰብስቧል። የወሎ ሼኾች በዓረብኛ ፊደል አማርኛ ጽፈዋል፤ ዓጀም የምንለው ይህ ነው። ዓረብኛ ያልተማረችው እናትም መንዙማውን ሰምታ የምትረዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የይፋት ኃይል በ1332 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመቻ ተሰበረ። የወላስማ ዘሮች ኋላ የአዳልን መንግሥት መሠረቱ፤ መቀመጫውም በ1520 እ.ኤ.አ. ሐረር ሆነ። ቀጥሎ የመጣውን የኢማም አሕመድን ጦርነት ሁላችን እናውቀዋለን። የሁለቱን እናቶች ነገር ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም። በ1543 እ.ኤ.አ. ኢማሙ ሲሞት የሚስቱ የባቲ ድል ወንበራ ልጅ መሐመድ በክርስቲያኖች እጅ ተማርኮ ነበር። የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ ደግሞ ከዚያ ቀደም ተይዞ ወደ የመን ተልኮ ነበር። ባል የሞተባቸው ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ እስላም አንዷ ክርስቲያን፣ ልጆቻቸውን ተለዋወጡ። ሚናስም ተመልሶ ኋላ ነገሠ። ያን ሁሉ ደም ካዩ በኋላ መተማመን ከቻሉ፣ እኛ በአንድ የቁጠባ ደብተር ላይ መፈራረማችን ብርቅ አይደለም።

እህቶች፣ በየቤታችን ያለው ኪታብና ብራና የዚህ መዝገብ ቅጠል ነው። ቤት ሲፈርስ ይጠፋል፤ ገዢ ነኝ ባይ ሲመጣም በጥቂት ብር ይወጣል። የሒሳብ ሰው እንደሚያውቀው፣ ያልተመዘገበ ንብረት ሲጠፋ ጠያቂ የለውም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን። በቤታችሁ የድሮ መጽሐፍ ካለ አትሽጡት። ከዝናብና ከጭስ አርቁት። አያቶቻችሁ ከየት እንደመጣ የሚያውቁትን ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁት ኑ፣ በጋራ መዝገብ እንይዘዋለን።