ጥቁር አዝሙድና የታፈነ አፍንጫ



የህዳር ውርጭ ሲበረታ በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ አፍንጫው የማይታፈን ሰው ጥቂት ነው። እናቶች ዳማከሴ ቀንጥሰው በመዳፋቸው አሽተው ያስሸታሉ፤ ጥቁር አዝሙድም በጨርቅ ቋጥረው ይሰጣሉ።

የጥቁር አዝሙዱ ታሪክ ሩቅ ነው። በ256 ዓ.ሂ. ያረፉት ኢማም አል-ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ጋሊብ ኢብኑ አብጀር መንገድ ላይ ታሞ መዲና ገባ። ሊጠይቀው የመጣው ኢብኑ አቢ ዐቲቅ፣ የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የወንድማቸው የልጅ ልጅ ነው፤ አምስት ወይም ሰባት ፍሬ ተወቅጦ፣ በዘይት ተደርጎ በሁለቱም የአፍንጫው ቀዳዳ እንዲንጠባጠብለት ነገራቸው። ሐዲሱን ያብራሩት ኢብኑ ሐጀር ሕመሙ ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ልብ በሉ፣ የፍሬው ቁጥርም የአወሳሰዱ መንገድም ተለይቶ ተነግሯል። ዛሬ «ለሁሉም ይሆናል» እያሉ በማንኪያ መዋጥ ሌላ ነገር ነው!

ማስረጃውስ? በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢራን ጥናት 66 የአፍንጫ አለርጂ ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ዘይቱ መታፈኑንና ማስነጠሱን እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። አለርጂና የሳይነስ ቁስለት ግን አንድ አይደሉም። የአገራችን ተመራማሪዎችም በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ዳማከሴ ትኩሳት ሲያበርድ ያዩት በአይጦች ላይ ነው።

ማሽተቱን ማንም አይከለክልም። ቤት የተዘጋጀ ዘይት በሕፃን አፍንጫ መጨመር ግን ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሕመሙ ከ10 ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም የዓይኑ ዙሪያ ካበጠ፣ ዳማከሴውን አስቀምጣችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።