የዶቃው ማሪዮ ለምን ከሳ?

ስለ ልጆች ዶቃ መጻፍ ለመሐንዲሶች መጽሔት የማይመጥን መስሎ የሚታያቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። አዘጋጆቹ ለዚህ ዓመት ዕትም ከቴክኒክ ታሪክ አንድ ርእስ መርጬ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ እኔም በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ድልድይ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የስምንት ዓመቱ የእኅቴ ልጅ ነው።

እኅቴ የምትኖረው ስቶክሆልም ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ልጅዋ በሻንጣው ውስጥ አንድ ከረጢት ሙሉ ጥቃቅን የፕላስቲክ ዶቃ፣ ጥርሳም ሰሌዳዎችና አንድ ወረንጦ ይዞ መጣ። ዶቃዎቹ ከቀጭን ቱቦ እንደ ተቆረጡ ቁርጥራጮች ናቸው፤ መኻላቸው ቀዳዳ ነው። በሰሌዳው ጥርሶች ላይ አንድ በአንድ ይሰካሉ፤ ሥዕሉ ሲያልቅ የመጋገሪያ ወረቀት ይለብስና ካውያ ይሄድበታል፤ ዶቃዎቹም ጠርዝ ለጠርዝ ቀልጠው ይያያዛሉ። በስዊድን ይህን ሳይሠራ ያደገ ልጅ ማግኘት ያስቸግራል ብላኛለች እኅቴ።

ልጁ እኔ በልጅነቴ የተጫወትሁበትን ማሪዮን እንድንሠራ ጠየቀኝ። በጨዋታው ሜሞሪ ውስጥ እንደ ተቀመጠው፣ ነጥብ በነጥብ፣ በ12 ዓምድና በ16 ረድፍ ሠራነው። ተኩሰን ስናነሣው ዝም ብዬ ብዙ ሳልመለከተው አልቀረሁም።

«አጎቴ፣ ምን ሆንህ?» አለኝ።

«ከስቷል» አልሁት።

ነገሩን በሣቅ ማለፍ ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ቁጥር በቁጥር የተገለበጠ ሥዕል ከትዝታዬ ጋር አልስማማ ሲል፣ ስህተቱ ከሁለቱ በአንዱ መሆን አለበት፤ ወይ በዶቃው፣ ወይ በእኔ። ጉዳዩን ለመፍታት ሁለት ታሪኮችን መመርመር አስፈለገኝ፤ የዶቃውንና የነጥቡን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዶቃው ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የከሸፈ ፈተና ነው። በ1933 ኢምፔሪያል ኬሚካል ኢንዱስትሪስ በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን ኢቲሊን የተባለውን ጋዝ ከቤንዛልዲሃይድ ጋር በከፍተኛ ግፊት ለማዋሐድ ሲሞክሩ፣ ያሰቡትን ሳያገኙ በዕቃው ውስጥ ሰም የሚመስል ነጭ ነገር አገኙ። ፖሊኢቲሊን ይኸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የራዳር ገመዶች መሸፈኛ ሆኖ አገለገለ፤ ከጦርነቱ በኋላም ወደ ጓዳና ወደ መጫወቻ ወረደ። በ1950ዎቹ ማብቂያ ገደማ ጉናር ክኑትሶን የተባለ ስዊድናዊ በቫገሪድ ከተማ የዕደ ጥበብ ዶቃ ከፕላስቲክ ሲሠራ፣ ካሰበላቸው ሰዎች መካከል እጃቸውን ማሠልጠን የሚያስፈልጋቸው አረጋውያን ይገኙበት ነበር። ጎረቤት ዴንማርክም ከ1971 ጀምሮ ሐማ በሚል ስም ዶቃውን ለልጆች ታወጣ ጀመር። የተለመደው ዶቃ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር ነው፤ የተለመደው ካሬ ሰሌዳም በየጎኑ 29 ጥርሶች፣ በድምሩ 841 ጥርሶች አሉት።

ለዚህ ሥራ ፖሊኢቲሊን የተመቸበት ምክንያት መሐንዲስን ደስ ያሰኛል። ለስላሳው ዓይነት የሚቀልጠው ከ105 እስከ 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መጠን ነው። ይህም የጥጥ ልብስ ከሚተኮስበት ሙቀት በጣም ያነሰ በመሆኑ በማንኛውም ቤት በሚገኝ ካውያ ይደረስበታል። ሲቀልጥም እንደ ውኃ አይፈስም፤ እንደ ማር ይዘገያል። ስለዚህ ዶቃው ቅርጹን ሳይለቅ ጫፉ ብቻ ከጎረቤቱ ጫፍ ጋር ይጋባል። ካውያው ጥቂት ሲዘገይ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ፤ ብዙ ሲዘገይ ፈጽመው ይደፈናሉ። አንዳንድ ሠሪዎች ቀዳዳው የተደፈነ ለስላሳ ገጽ ይወዳሉ፤ እኔ ግን ቀዳዳው ሲታይ ይሻለኛል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ይቆጠራልና። ችግሩ ከማቅለጡ ይልቅ በማቀዝቀዙ ላይ ነው። የተተኮሰው ወገን ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ያልተተኮሰው ወገን አይከተለውም፤ ሥዕሉም እንደ ደረቀ ቆዳ ይጎብጣል። መድኃኒቱ ሁለቱንም ወገን መተኰስና እስኪቀዘቅዝ ከከባድ መጽሐፍ ሥር ማስተኛት ነው። ይህን ከመማሬ በፊት አንድ ሰሌዳ ከነጥርሶቹ አጣምሜአለሁ፤ ልጁ እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

አሁን ወደ ነጥቡ እንሂድ። በ1978 በጃፓን ታይቶ ኩባንያ ውስጥ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ መሐንዲስ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ጨዋታ ሠራ። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ራሱ ነደፈ፣ ፕሮግራሙን ራሱ ጻፈ፣ ሥዕሎቹንም ራሱ ሣለ። የሞተሩን፣ የሻንሲውንና የቀለሙን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን የያዘበት መኪና እንደ ማለት ነው። ጠላቶቹን ሰዎች ማድረግ አስቦ ነበር፤ ሰው ላይ መተኰስ መልካም ስላልመሰለው ግን ባሕር ውስጥ ወደሚኖሩ ፍጥረታት ዞረ፤ ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ሸርጣን። የመስኮቱ ሜሞሪ ለአንድ ነጥብ አንድ ቢት ብቻ ነበረው፤ ነጥቡ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ቀለም የሚባለው ነገር በመስታወቱ ላይ የተለጠፈ ባለ ቀለም ሴሎፎን ነበር። ኢንቴል 8080 የተባለው ፕሮሰሰር ሁሉንም ጠላቶች በአንድ ጊዜ ለመሣል ጉልበት ስላልነበረው ብዙ ሲሆኑ ይዘገዩ፣ ሲያልቁ ይፈጥኑ ነበር። ኒሺካዶ ይህን ጉድለት ሳያርም ተወው፤ ተጫዋቹም የጨዋታው ልብ አደረገው።

የዚያ ጨዋታ ሸርጣን 11 ዓምድ በ8 ረድፍ ነው። በዶቃ ሲሠራ በትክክል 46 ዶቃ ይፈጃል፤ 5.5 ሴንቲሜትር በ4 ሴንቲሜትር ይሆናል። ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ ግማሹን ያወቀ ሁሉንም አወቀ። አንባቢ በቤቱ ሊሞክረው ከፈለገ ከላይ ወደ ታች በየረድፉ የሚቆጠረው 2፣ 2፣ 7፣ 7፣ 11፣ 9፣ 4፣ 4 ነው። 46 ነጥብ! ሆኖም ግን በዓለም ዙሪያ ይህን ምስል አይቶ የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ኢንቬደር በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ የጎዳና ሠዓሊ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከፓሪስ ተነሥቶ በብዙ ከተሞች ግድግዳ ላይ በሴራሚክ ጠጠር የለጠፈው እነዚህን ፍጥረታት ነው። ጠጠሩ ከዶቃው ቀድሞ ወደ አደባባይ ወጣ እንጂ ሒሳቡ አንድ ነው።

ማሪዮ የመጣው በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» በተባለው ጨዋታ ነው። ሽገሩ ሚያሞቶ ሲነድፈው የነበረው ቦታ 16 በ16 ነጥብ ብቻ ነበር። በዚህ ስፋት ላይ አፍ መሣል አይቻልም፤ ስለዚህ ትልቅ አፍንጫ አድርጎ ከሥሩ ሪዝ አስቀመጠ። ጠጉር ሲሮጥ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ከባድ ነበር፤ ስለዚህ ኮፍያ አደረገለት። ክንድ ከገላ ጋር እንዳይቀላቀል ቱታ አለበሰው። ሰዎች የጣሊያናዊ ሠራተኛ መልክ ብለው የሚያስቡት ነገር ሁሉ የቦታ ጥበት የወለደው ነው። ይህን ታሪክ ብዙዎች እንደ ተረት ይሰሙታል፤ እኔ ግን በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት አምነዋለሁ። አንድ የጡብ ፋብሪካ የምርት መቁጠሪያ መሣሪያ ሠርቼ በትንሹ ማሳያ ላይ «ጡብ» የሚል ጽሑፍ ለማውጣት ፈለግሁ። ማሳያው ለአንድ ፊደል የሚፈቅደው 5 ዓምድና 8 ረድፍ ነው። ጠ ሦስት እግር አላት፤ ሦስት እግርና ሁለት ክፍተት አምስቱን ዓምድ ጨረሱት፤ ጡን ጡ የሚያደርጋት ምልክት የሚያርፍበት አንድም ዓምድ አልቀረም። የግራውን ክፍተት ደፍኜ፣ እግሮቹን አጣብቄ አወጣሁት። ሠራተኞቹ ያነበቡት ፊደሉን አይተው ሳይሆን ፋብሪካው ጡብ እንደሚሠራ ስለሚያውቁ ነው።

በ1985 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ሲወጣ ማሪዮ የሚኖርበት ፋሚኮም የተባለው መሣሪያ ከቀድሞው የተሻለ ቢሆንም ባለጠጋ አልነበረም። ጨዋታው በሙሉ 40 ኪሎባይት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ለሥዕል የተመደበው 8 ኪሎባይት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 8 በ8 ነጥብ የሆኑ 512 ንጣፎች ናቸው። ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል መሆናቸውን፣ ቀለሙ ብቻ እንደሚለወጥ ያስተዋለ ተጫዋች ስንት ይሆን? ቆሞ የሚታየው ትንሹ ማሪዮ አራት ንጣፍ ነው፤ 64 ባይት። ሦስት ቀለም ብቻ ተፈቅዶለታል፤ አራተኛው «ምንም» ነው፤ የኋላው ሥዕል የሚታይበት ባዶ። ዶቃ ሠሪው ይህን ሕግ ማንም ሳያስተምረው ይፈጽመዋል፤ ሦስት ከረጢት ያወጣል፤ «ምንም» በሚለው ቦታ ላይ ጥርሱን ባዶውን ይተወዋል። ሚያሞቶና ባልደረባው ታካሺ ቴዙካ የጨዋታውን መንገዶች የነደፉትም ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ ነበር። ስለዚህ ዶቃው ጨዋታውን ወደ አዲስ ነገር አልለወጠውም፤ ወደ ወረቀቱ መለሰው እንጂ።

እዚህ ላይ ነው የክሳቱ ምሥጢር የሚገኘው። ዶቃው ካሬ ነው፤ ወረቀቱ ካሬ ነው፤ በሜሞሪም ውስጥ ነጥብ ቁጥር እንጂ ስፋት የለውም። የቴሌቪዥኑ ነጥብ ግን ካሬ አልነበረም። መሣሪያው በአንድ መስመር ላይ 256 ነጥቦችን የሚልከው በጊዜ ለክቶ ነው፤ የነጥቡ ወርድ የሚወሰነው ጨረሩ በዚያች ቅጽበት በሚሄደው ርቀት ሲሆን፣ ቁመቱ የሚወሰነው በመስመሮቹ መቀራረብ ነው። በጃፓንና በአሜሪካ ባለ 525 መስመር ሥርዓት የፋሚኮም ነጥብ ወርድ ለቁመት 8 ለ7 ነበር። 12 ዶቃ ወርድ ያለው 6 ሴንቲሜትር ማሪዮ በዚያ መስታወት ላይ ቢለካ 6.9 ሴንቲሜትር ያህል ይሆን ነበር ማለት ነው፤ ቁመቱ እዚያው 8 ሴንቲሜትር ሆኖ።

እኛ ግን በጃፓን ሥርዓት አላየነውም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1984 የቀለም ሥርጭት ሲጀምር የተከተለው ባለ 625 መስመሩን ፓልን ነው፤ በየቤታችን የነበረው ቴሌቪዥንም ይኸው ነበር። በፓል መስመሮቹ ብዙ ስለሆኑ እያንዳንዱ ይሳሳል፤ ለፓል የተሠራው የፋሚኮም መሣሪያ ግን የሚልከው ያንኑ 240 መስመር ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ ከላይና ከታች ጥቁር መቀነት ታጥቆ ተጨፍልቆ ይታይ ነበር፤ ነጥቡም ከቁመቱ ይልቅ 1.39 ጊዜ ያህል ይሰፋ ነበር። ያ ጥቁር መቀነት አሁንም ትዝ ይለኛል፤ የቴሌቪዥናችን ጉድለት ይመስለኝ ነበር። በዚህ ስሌት 6 ሴንቲሜትሩ ማሪዮ 8.3 ሴንቲሜትር ይሆናል። ቁመቱ 8 ነው። ማለትም የአዲስ አበባው ማሪዮ ወርዱ ከቁመቱ ይበልጥ ነበር!

እንግዲህ ዶቃውም አልዋሸ፣ ትዝታዬም አልሳተ። ዶቃው የሜሞሪው ምስክር ነው፤ እኔ የመስታወቱ ምስክር ነበርሁ። በዶቃ የሚሠሩ ሰዎች «ትክክለኛው ሥዕል ይህ ነው» ሲሉ የምከራከራቸውም ለዚህ ነው። ያ ካሬ ሥዕል በዚያ ዘመን በተጫዋቾች ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ሆኖ ታይቶ አያውቅም። ሚያሞቶም ሥራውን ሲመረምር የተመለከተው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን መስታወቱንም ነው። የሚያሳዝነው ክርክሩን የሚዳኝ ዕቃ እየጠፋ መሆኑ ነው። ሜሞሪው በሺህ ቦታ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ዶቃውም በየግድግዳው ተሰቅሏል፤ ቱቦ ያለው ቴሌቪዥን ግን ከየቤቱ ወጥቷል። የእኛን እናቴ ለቆራሌው ሸጠችው፤ በምትኩም ሁለት የፕላስቲክ ባልዲ ተቀበለች። ባልዲዎቹ ፖሊኢቲሊን ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሙሉውን የጨዋታ መስኮት በዶቃ መሥራት ለሚያስብ አባል ስሌቱ እንዲህ ነው። 256 በ240 ሲባዛ 61,440 ዶቃ ይሆናል፤ 81 ሰሌዳም ያስፈልገዋል። ወርዱ 1.28 ሜትር፣ ቁመቱ 1.20 ሜትር ነው። በጃፓን መስታወት ልክ ይሁን ቢባል ወርዱ 1.46 ሜትር፣ በእኛ ልክ ይሁን ቢባል 1.77 ሜትር መሆን ነበረበት፤ ለዚህ ግን ከካሬ የሰፋ ዶቃ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ዶቃ ሲሸጥ አላየሁም።

የእኅቴ ልጅ ከመመለሱ በፊት ሌላ ማሪዮ ሠርተናል፤ ስሌቱን አስረድቼው 12ቱን ዓምድ ወደ 16 አሰፋነው። የትኛው ዓምድ ይደገም በሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። እርሱ የአፍንጫውን መረጠ፣ እኔ የቱታውን፤ በመጨረሻም ሁለቱም ተደገሙ፤ ሪዙም ከሚገባው በላይ ረዘመ። ከሲታውን ይዞ ሄደ። ወፍራሙ እዚህ ቀርቷል፤ አንዱን ወገን ብቻ ተኩሼው ስለ ጎበጠ፣ እንደገና አሙቄ ከአንድ የብረት ግንባታ መጽሐፍ ሥር አስተኝቼዋለሁ።