ዳቬንፖርት፦ ወንዟን በግንብ ያላጠረችው ከተማ

ሚሲሲፒ ከአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ ታላቅ ወንዝ ነው። በአዮዋ እና በኢሊኖይ ግዛቶች ወሰን ላይ ሲደርስ ግን ለጥቂት ርቀት ይታጠፍና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል። በዚህ እጥፋት ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በአዮዋ በኩል፣ ዳቬንፖርት ተቀምጣለች። 100 ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት ይህች ከተማ በአሜሪካ ሚዛን ትልቅም ትንሽም አትባልም። ከጎረቤቶቿ የምትለየው ከወንዟ ጋር በምትኖርበት መንገድ ነው። ሌሎቹ የወንዝ ዳር ከተሞች በጎርፍ መከላከያ ግንብ ሲታጠሩ፣ ዳቬንፖርት የመሐል ከተማዋን ዳርቻ ለወንዙ ክፍት አድርጋ ኖራለች።

ከተማዋ ብቻዋን አይደለችም። በአዮዋ በኩል ቤተንዶርፍ፣ በወንዙ ማዶ በኢሊኖይ በኩል ደግሞ ሮክ አይላንድ፣ ሞሊን እና ኢስት ሞሊን ይገኛሉ። አካባቢው በጠቅላላው "አራቱ ከተሞች" ተብሎ ይጠራል፤ ቆጥሮ አምስት ያገኘ እንግዳ ቢገረም አይፈረድበትም።

ዳቬንፖርት የተመሠረተችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1836 ነው። ምድሩ ከዚያ በፊት የሶክ እና የመስክዋኪ ሕዝቦች ርስት ነበር። በ1832 "የብላክ ሃውክ ጦርነት" ተብሎ በሚታወቀው ውጊያ ድል ከተነሡ በኋላ፣ ከወንዙ በስተምዕራብ ያለውን ሰፊ መሬት ለአሜሪካ መንግሥት የለቀቁበት ውል የተፈረመው ዛሬ ከተማዋ ባለችበት ስፍራ ነው። ከከተማዋ መሥራቾች አንዱ አንትዋን ለክሌር አስተርጓሚ ኾኖ ያገለገለ ሰው ነበር። ከ1848 በኋላ ደግሞ ብዙ ጀርመናውያን ስደተኞች መጥተው ሰፈሩባት።

የአካባቢው ስም ለገበሬ እንግዳ የማይኾንበት ምክንያት በማዶ ያለችው ሞሊን ናት። የሜዳማው አገር ጥቁር አፈር በብረት ማረሻ ላይ እየተጣበቀ ገበሬውን ያስቸግር ነበር፤ አራሹ በየጥቂት እርምጃው እየቆመ ማረሻውን መጥረግ ነበረበት። ጆን ዲር የተባለ አንጥረኛ በ1837 አፈር የማይዝ፣ የተወለወለ የአረብ ብረት ማረሻ ሠራ። በ1848 ሥራውን ወደ ሞሊን ያዛወረው ወንዙ ለፋብሪካው ኃይል፣ ለምርቱ ደግሞ መጓጓዣ ስለሚሰጠው ነበር። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬም በሞሊን ሲኾን የእህል ማጨጃና መውቂያ ኮምባይነሮቹ በኢስት ሞሊን ይመረታሉ።

በሚሲሲፒ ላይ የመጀመሪያው የባቡር ድልድይ የተሠራውም በዚሁ ስፍራ ነው። ድልድዩ በ1856 ሚያዝያ ወር ተከፈተ፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ኤፊ አፍተን የተባለች የእንፋሎት መርከብ ተጋጭታው በእሳት ጋየች። የመርከቧ ባለቤቶች ክስ መሠረቱ፤ ለድልድዩ ባለቤቶች ከተከራከሩት ጠበቆች መካከል በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የኾነው አብርሃም ሊንከን ይገኝበታል። የፍርድ ሸንጎው አባላት ሊስማሙ ባለመቻላቸው ጉዳዩ ያለ ውሳኔ ቀረ። ክርክሩ ግን ከአንድ መርከብ በላይ ነበር፤ የአገሪቱ ንግድ በወንዝ ወደ ደቡብ ይውረድ ወይስ በባቡር ወደ ምዕራብ ይሻገር የሚል ነበርና።

ባቡሩ ቢያሸንፍም ወንዙ ከእህል ንግድ አልወጣም። በከተማዋ ፊት ለፊት 15ኛው ግድብ አለ። ይህ ግድብ መስኖ ለማልማት የተሠራ አይደለም፤ ሥራው መርከብ የሚንሳፈፍበትን የውኃ ጥልቀት መጠበቅ ነው። በግድቡ ጎን በሁለት በሮች መካከል ውኃ የሚሞላና የሚጎድል ገንዳ አለ፤ መርከብ በዚያ ገብቶ እንደ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያልፋል። አንድ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ 1 ሺህ 500 ቶን ያህል በቆሎ ወይም አኩሪ አተር ይይዛል። አንድ ገፊ መርከብ እንዲህ ያሉ 15 ጀልባዎችን በአንድነት አስሮ ይነዳል። የገንዳው ርዝመት 183 ሜትር ብቻ በመኾኑ ጀልባዎቹ ለሁለት ተከፍለው ተራ በተራ ያልፋሉ፤ ይህም ሰዓታትን ይወስዳል። እህሉ እስከ ኒው ኦርሊንስ ይወርድና ወደ ውጭ አገር ይላካል። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲበርድ፣ ወይም ጎርፍ በሮቹን ሲያዘጋ ጉዞው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ገበሬው እህሉን ጎተራ ከትቶ መጠበቅ አለዚያም ከፍ ያለ የማጓጓዣ ዋጋ መክፈል ግድ ይኾንበታል።

ጎርፉ የሚመጣው በአብዛኛው በጸደይ ወራት ነው። በሚኒሶታና በዊስኮንሲን የቀለጠው በረዶ ከዝናብ ጋር ተደምሮ ይወርዳል። እዚህ ያለው ሚሲሲፒ እንደ ደራሽ ወንዝ ድንገት አያጥለቀልቅም፤ ትንበያው ከቀናት በፊት ይነገራል። ጎረቤት ከተሞች ከ1965ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ ግንብና የአፈር ግድብ ሲሠሩ ዳቬንፖርት ያልሠራችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ወጪው ሲኾን ሦስተኛው ደግሞ ነዋሪው ወንዙን ከእይታው ለመጋረድ አለመፈለጉ ነው። በ2001 ጎርፍ ጊዜ የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ጆ ኦልባ ከተማዋን በአደባባይ ነቅፈዋታል። ነቀፋው ፍትሐዊ ጥያቄ ነበረው፦ አንድ ከተማ ላለመታጠር ስትመርጥ የጉዳቱን ካሳ ማን ይከፍላል? ግንብ ውኃውን ወደ ሌላው ዳርቻ ሊገፋ መቻሉም ግን ሊዘነጋ አይገባም።

ከባዱ ፈተና በ2019 መጣ። ከተማዋ በአሸዋ የተሞሉ የሽቦ ሣጥኖችን ደርድራ መሐል ከተማውን ስትከላከል ሰነበተች። ሚያዝያ 30 ከሰዓት በኋላ መከላከያው በአንድ በኩል ተናደ፤ ውኃው በደቂቃዎች ውስጥ ሱቆችንና ምግብ ቤቶችን ሞላ፤ ሰዎችም በጀልባ ወጡ። ከሁለት ቀን በኋላ ወንዙ 6 ሜትር ከ92 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ይህ ከ1993ቱ ክብረ ወሰን በ2 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ጎርፍ የሚባለው ከፍታ ግን የሚጀምረው ከ4 ሜትር ተኩል ጥቂት አለፍ ብሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ያጠናችው መላ ሙሉ ግንብ ማቆም ሳይኾን በዳርቻው ያሉ መንገዶችን በየቦታው ከፍ ማድረግና ውኃ በፍሳሽ ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይገባ መዝጋት ነው። በወንዙ ዳር ያለው የቤዝቦል ስታዲየም ጎርፍ ሲመጣ የሚገጠም፣ ሲሄድ የሚነቀል ግንብ አለው። በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ደግሞ ናሃንት የተባለ ረግረግ ይገኛል። ስፍራው ቀድሞ የተኩስ መለማመጃ ስለነበር አፈሩ በእርሳስ ጥይት ተመርዞ ነበር፤ ከተጠረገ በኋላ ግን የወፎች ማደሪያ፣ ለተማሪዎችም የተፈጥሮ ትምህርት መስጫ ኾኗል። ወንዙ ሲሞላ ከትርፉ ጥቂቱን የሚቀበለውም ይኸው ረግረግ ነው።